ሰንሰለት ያለው ጽና ለቡና ማጨሻ ቢሆን ችግር አለው?

ጎጆ_ወጪ · ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ቤታችንን ግን ሦስት ቀን አኳርፏል።

ባለፈው ወር አዲስ ቤት ስንገባ አንድ ጓደኛዬ ከስጦታ ዕቃ መሸጫ ካህን የሚያጥንበትን ዓይነት ጽና ገዝታ አመጣችልኝ። ነሐስ ነው፣ ሰንሰለት አለው፣ ሰንሰለቱ ላይ ትናንሽ ሻኩራዎች ተንጠልጥለዋል። ሲያዩት ያምራል። እኔ ደግሞ የእጣን ማጨሻ አልነበረኝም። እሁድ እናቴ ልትጠይቀን መጣች። ረከቦቱን ዘርግቼ፣ ቄጤማ ጎዝጉዤ፣ ፍሙን ጽናው ውስጥ ላድርግ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ላጨስ ነዋ።»

«በዚህ?» አለችና ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ቡናውን ሳትጠጣ ሄደች! እናቴ ቡና ጥላ ስትሄድ በሕይወቴ ሳይ ይኼ ሁለተኛው ነው። (የመጀመሪያው ሌላ ታሪክ ነው።)

ባሌ «ዕቃ አይደል እንዴ፣ ምን ያካብዳሉ» ይላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ። የምታውቁ ንገሩኝ፤ በጽና ቤት ውስጥ ማጨስ ነውር ነው ወይስ እናቴ ናት ያከበደችው?

---

ጢስ_ገባኝ · ከምሽቱ 2:51

እናትሽ ልክ ናቸው። ቀጣይ ጥያቄ።

---

ነሐስ_ነው · ከምሽቱ 3:05

እኔ አልስማማም። ከሱቅ የተገዛ፣ ማንም ያልባረከው ነሐስ ነው። እንዲህ ከሆነማ ጽዋ የሚመስል ብርጭቆ ሁሉ ውኃ ሊጠጣበት አይገባም ልንል ነው። ባልሽ ልክ ነው፤ አጭሺበት።

---

የቀድሞ_ዲያቆን · ከምሽቱ 3:48

ሁለታችሁም ቸኮላችሁ። ሰባት ዓመት የጽና እሳት ያነደድኩ ሰው ነኝ፤ ትንሽ ልበል።

ስሙን እናስቀድም። ጽና የምንለው በግእዝ ጽንሐሕ ነው፤ ማዕጠንትም ይባላል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ጥና» ተብሎ የምታገኙትም ያው ነው።

የእኛ ሥራ የሚጀምረው ሌላው ሰው ሳይነሳ ነው። ከሰሉን ታቀጣጥላለህ፣ እፍ እያልክ ፍም ታደርገዋለህ፣ ጉንጭህ እስኪዝል። በደንብ ያልነደደ ከሰል ጽና ውስጥ ከገባ የራሱን ጭስ ያወጣና የእጣኑን ሽታ ያበላሸዋል፤ ካህኑም ዞር ብለው አንዴ ያዩሃል። ያ እይታ ይበቃል። እሳቱ እንዳይሞት ደጅ ቆመህ ቀስ እያልክ ታወዛውዘዋለህ፤ አየር ይገባዋል። እጣኑ ከሙዳየ ዕጣን ወጥቶ የሚጨመረው ግን በካህኑ እጅ ነው። ማጠንም የካህን ነው። እኔ ሰባት ዓመት ይዤው አንድ ቀን አላጠንኩም። አመዱን እንኳ የትም አትደፋውም፤ ሰው የማይረግጠው ቦታ አለው።

ሦስቱን ሰንሰለቶች ሥላሴ ብለን ተምረናል። የእሑዱ ውዳሴ ማርያም እመቤታችንን የወርቅ ማዕጠንት ብሎ ይጠራታል። ፍሙን የተሸከመች ናት፤ ፍሙ መለኮት ነው፣ ተሸከመችው እንጂ አላቃጠላትም። እናትሽ ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሰሙት ኖረዋል። እሁድ ዕለት አንቺ ከፈንዲሻው አጠገብ ስታስቀምጪው ምን እንደታያቸው አስቢው።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። ዘኍልቁ ምዕራፍ 16ን አንብቡ። ከቆሬ ጋር በሙሴ ላይ የተነሱት 250 ሰዎች እያንዳንዳቸው ጥናቸውን ይዘው ቀረቡ። ሰዎቹን እሳት በላቸው። ጥናዎቹ ግን አልተጣሉም። ከቃጠሎው መሃል ተለቅመው፣ ተጠፍጥፈው፣ የመሠዊያው መለበጫ ሆኑ። ለምን? በእግዚአብሔር ፊት ስለቀረቡ ተቀድሰዋል ተባለ። ያቀረቧቸው ሰዎች ጥፋተኞች ናቸው፤ ዕቃው ግን አንዴ ቀርቧል፣ ወደ ቤት አይመለስም።

ስለዚህ ያንቺ ጽና ቀርቧል ወይ? አልቀረበም። ኃጢአት ሠርተሻል አልልሽም። ግን እኔ ብሆን አላደርገውም።

---

ነሐስ_ነው · ከምሽቱ 4:02

ወንድሜ፣ ካልቀረበ ጨርሰናል ማለት ነው። ራስህ ፈረድክልኝ እኮ።

የቀድሞ_ዲያቆን · ከምሽቱ 4:06

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ድገማት።

---

እማማ_ድርብ · ከምሽቱ 4:30

ልጆች፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኔ እየነገርኳት ነው።

እኛ ስናድግ ማጨሻ ብሎ ነገር የነበረው ያለው ሰው ቤት ነው። የእኛ ማጨሻ ገል ነበር። ጀበና ሲሰበር ይለቀሳል፣ ይረገማል፣ ከዚያ ሆዱ ጎድጎድ ያለው ገል ይመረጥና ይቀመጣል። ከምድጃው አንድ ፍም በጉጠት ይወጣል፣ ጉጠት ከሌለ እናቴ በጣቷ ታነሳው ነበር፣ ገሉ ላይ ይደረጋል፣ እጣን ጣል። በቃ። እንግዳ ሲመጣ ገሉ በሰፌድ ላይ ይሆናል፤ ያ ነበር ማማሩ።

ልጄ፣ እናትሽ የተከፉት አንቺ ገል ስላጣሽ አይደለም። ሂጂና ይቅርታ በያቸው፣ ስኳርና ቡና ይዘሽ። ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

---

ጢስ_ገባኝ · ከምሽቱ 4:33

እማማ እድሜ ይስጥልን 🙏 ጀበናው ሞቶም ቡና ይጠጣል ማለት ነው

---

ድሬ_ከዚራ · ከምሽቱ 4:59

ድሬ ስትመጡ ሌላ ዓለም ነው። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ግርግሬ ይሉታል፤ ወደ ደቡብ ያሉት ደግሞ ዳብቃድ። «ዳብ» እሳት ነው፣ «ቃድ» መያዝ፣ መሸከም። እሳት ያዥ በሉት። ጥሩው የሚፈለፈለው መካከለኛው ሶማሊያ ዔል ቡር ከሚባል ቦታ ከሚወጣ ነጭ፣ ቀላል ድንጋይ ነው። ሲገዛ እንደ ጠመኔ ነጭ ነው፤ ሲያገለግል አፉ ይጠቁራል፣ ወገቡ ይወይባል።

የሚጨሰውም ደረቅ እጣን ብቻ አይደለም። ዑንሲ የሚሉት አለ፤ እጣኑ ከስኳርና ከሽቶ ጋር ተዋህዶ የሚሠራ። ስኳሩ ፍም ላይ ሲያርፍ የሚያወጣውን ሽታ አንዴ የቀመሰ አይረሳውም። ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ እሱን እሱን ይሸታል። እዚያ ቀሚሱን በጭስ ሳያጥን መስጊድም ሠርግም የሚሄድ የለም፣ ለሁለቱም ያው አንድ ዳብቃድ ነው። ቅዱስና የቤት ብሎ የሚለይ አላየሁም። የእናንተ ክርክር ለዚህ ነው የገረመኝ።

---

ሪያድ_የቆየች · ከምሽቱ 5:20

ድሬ እውነቱን ነው። እኔ ስድስት ዓመት ሪያድ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። እዚያ መብኸራ ይባላል። አራት እግር ያለው፣ ከእንጨት ተሠርቶ ውስጡ ቆርቆሮ የተለበጠ፣ ጎኑ ላይ ቢጫ ሚስማርና መስታወት የተለጠፈበት። ውስጡ ዑድ የሚሉት ሽታው ደስ የሚል እንጨት ነው የሚጨሰው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እስካሁን ስስቅበት እኖራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንቴ እንግዶች መጡ። ማታ እመቤቲቱ «መብኸራውን አምጪ» አለች። አመጣሁ። ጭሱ ሲሸተኝ ደስ አለኝ፤ በቃ ቡና ሊጀመር ነው ብዬ ሮጬ ስኒ ደርድሬ መጣሁ። ስመለስ እንግዶቹ ጫማቸውን እያደረጉ ነው! ለካ እነሱ ጋ ዑድ የሚዞረው መጨረሻ ላይ ነው። «ከዑድ በኋላ መቀመጥ የለም» የሚል አባባል አላቸው። እንግዳው ጺሙን፣ ሻሹን፣ እጅጌውን ያጥናል፣ ይመርቃል፣ ይሄዳል። እኛ ጋ ጭሱ «ግባ ቁጭ በል» ነው፤ እነሱ ጋ «በሰላም ግባ ቤትህ»። እኔ ስድስት ስኒ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ።

አሁን አገሬ ገብቼ ቡና ሳፈላ እጣን ቀድሜ ነው የማጨሰው፤ ሰው እንዳይሄድብኝ።

---

ጢስ_ገባኝ · ከምሽቱ 5:24

ስድስት ስኒ ይዛ ኮሪደር ላይ 😂😂 የዛሬ ምርጥ

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_9ኛ_ፎቅ · ከሌሊቱ 7:15

እናንተ ጋ እናት ናት የምታኮርፈው፤ እኛ ጋ ጣሪያው ነው የሚጮኸው።

ፋሲካ ዕለት እህቶቼ ተሰብስበው ከሰል በምድጃ አቀጣጥለን እጣን ጣል አደረግን። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ስሞክ ዲቴክተሩ ጮኸ። ፎጣ እያውለበለብን ስናባርረው የኮሪደሩም ተቀበለው። ሕንፃው ሙሉ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪና መጣ። በሀበሻ ቀሚስ፣ በነጠላ ጫማ፣ በእጃችን ስኒ ይዘን ከ200 ሰው ጋር ደጅ ቆምን። አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገብቶ አይቶ ሲወጣ «ሽታው ግን ደስ ይላል» አለ።

ከዚያ በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጨሻ ገዛሁ። ከሰል የለም፣ ሳህኗ ትሞቃለች፣ እጣኑ ይቀልጣል። ጭሱ ትንሽ ነው፣ ሽታው ግን አለ። እናቴ በቪዲዮ ስታየው «ይቺ ደግሞ ካውያ ናት?» አለችኝ።

ለውጭ አገር ሰዎች አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እነዚያ በክብሪት ወዲያው የሚነዱ ክብ ከሰሎች ቶሎ እንዲነዱ ኬሚካል አለባቸው። መጀመሪያ ይረጫሉ፣ ይንጣጣሉ፤ ምንጣፍ ላይ አይሆኑም። እና ማንኛውንም ከሰል መስኮት ዘግታችሁ አታጭሱ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ እጣኑ ሲሸት አየሩ ጥሩ የሆነ ይመስላችኋል፣ ራስ ምታት ሲጀምር ነው የሚታወቀው።

---

ወንጌል_ቤት · ከጠዋቱ 1:30

ለወሬው ያህል፦ እኛ ቤት እጣን አይጨስም። ወላጆቼ ጌታን ሲያገኙ አቆሙ፤ ለእነሱ ነገሩ ከውቃቢ ጋር የተያያዘ ነበር፣ አያቴ በእጣን የምታደርገውን አይተው ያደጉ ናቸው። ቡናው ግን ሦስቱም ይጠጣል፣ አቦል ቶና በረካ። ማጨሻዋ አልተጣለችም፤ ቁምሳጥን ላይ ናት፣ ስክሪብቶ እናስቀምጥባታለን። ጎረቤታችን እማማ ሲመጡ አይተዋት «እንዴት ዋለች?» ይሏታል፣ እንደ ሰው።

---

ድንጋይ_ቆጣሪ · ከጠዋቱ 2:10

ድሬ «የሚለይ አላየሁም» ላለው፦ መለየቱ የቆየ ነገር ነው። ዘጸአት 30 ላይ የመቅደሱ እጣን ቅመም ተዘርዝሮ፣ ለራሱ ሊያሸት ብሎ እንደዚያው የሚሠራ ሰው ከሕዝቡ ይለይ ይላል። እዚያ የተከለከለው ቅመሙ ነው፣ ዕቃው አይደለም። ማለትም ሰዎች ቤታቸውም ያጨሱ ነበር፤ ባያጨሱ ኖሮ መከልከል አያስፈልግም ነበር።

በእኛ አገርም እጣን ማጨሻ ከክርስትናም ከእስልምናም በፊት ነበረ። ውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ የሚባለው ቦታ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ አልመቃህ የተባለ የጥንት አምላክ ቤተ መቅደስ ተገኝቷል፤ ከ2,500 ዓመት በላይ የቆየ። ከመሠዊያው ጋር የድንጋይ እጣን ማጨሻዎችም ወጥተዋል። የየሓው ትልቁ ቤተ መቅደስም የዚሁ አምላክ ነበር። ከዚያ ዘመን ማጨሻዎች አራት ማዕዘን የሆኑ፣ ከታች እግር ያላቸው አሉ፣ አንዳንዶቹ ላይ ጨረቃና በላይዋ ክብ ተቀርጾባቸዋል። ሰንሰለት የለም፤ ቆሞ የሚጨስ ነው።

አሁን የእማማን ገል፣ የሪያዷን ባለአራት እግር መብኸራ፣ የቡናውን ሸክላ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁሉም ቆመው የሚጨሱ ናቸው። የሚወዛወዘው ጽናው ነው። ካህኑ ሕዝቡ መሃል እየዞረ ማጠን ስላለበት እሳቱ አብሮት መሄድ አለበት። ቡና የምታፈላ ሴት ግን ከረከቦቷ አትነሳም፤ ሰንሰለት ለምኗ ነው?

---

ስፔን_ያለሁት · ከጠዋቱ 2:44

መወዛወዝ ካላችሁ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ኑ። ካቴድራሉ ውስጥ በገመድ ከጣሪያ የሚንጠለጠል ጽና አለ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ ከ50 ኪሎ በላይ። ስምንት ሰዎች ገመዱን ሲስቡት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ይበራል። የድሮውን የናፖሊዮን ወታደሮች ወሰዱት፤ ያሁኑ ከ1851 ጀምሮ ያለ ነው። ከሥሩ ቆሜ አንገቴን ደብቄያለሁ።

ጢስ_ገባኝ · ከጠዋቱ 2:46

ይኼንን ለሲልቨር ስፕሪንጓ ላኩላት

---

የመተማ_ነፋስ · ከጠዋቱ 3:20

ስለ ዕቃው ይኼን ሁሉ ስታወሩ ስለ እጣኑ አንድ ሰው አላነሳም። ነጩ እጣን ከእኛ ቆላ፣ ከሁመራ፣ ከትግራይና ከቤንሻንጉል ነው የሚመጣው። በበጋ ዛፉ ልጡ ይፋቃል፣ ወተት የመሰለ ያነባል፣ ይደርቃል፣ ይለቀማል፣ ቁስሉ እንደገና ይፋቃል። በትግራይ መፋቂያዋን ሚንጋፍ ይሏታል። ከዚያ መጋዘን ሴቶች መሬት ተቀምጠው በእጃቸው ይለቅሙታል፤ ትልቁ ለብቻ፣ ዱቄቱ ለብቻ፣ ልጥ የያዘው ለብቻ። አንዷን እንክብል እጣን ጣል ስታደርጉ ያ ሁሉ እጅ አልፎባታል።

ነሐስ_ነው · ከጠዋቱ 3:24

ወንድሜ ከርዕስ ወጣህ። ግን ጥሩ አወጣጥ ነው።

---

የቀጨኔ_ልጅ · ከቀኑ 6:05

እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። ወደ ሥራው እንግባ።

ጎጆ_ወጪ፣ ሸክላ ግዢ። ስትገዪ በጣትሽ አንኳኪው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ከሆነ የሆነ ቦታ ስንጥቅ አለው። ጎኑ ላይ ቀዳዳዎች ያሉትን ምረጪ፤ ለጌጥ ይመስላሉ፣ ፍሙ ግን በእነሱ ነው የሚተነፍሰው። ጥቁሩም ቀለም እንዳይመስልሽ። ከእሳት በግለቱ ወጥቶ በቅጠል ታፍኖ ነው የሚጠቁረው። በጨርቅ ስትጠርጊው እጅሽን ካጠቆረ የኩራዝ ጥላሸት የተቀባ ነው፣ ተዪው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ገዝቶ በዚያው ቀን የጋለ ፍም ባዶው ሸክላ ላይ ይጥላል። ቋ! ይላል። ከዚያ ሸክላ ሠሪዋ ትረገማለች። ከሥሩ አመድ አድርጊበት። አመዱ ሙቀቱን ይይዛል፣ ሸክላውን ይጠብቃል፣ ፍሙም ቶሎ አያልቅም። የመጀመሪያውን ቀን አንዲት ትንሽ ፍም ብቻ፣ ቀስ ብሎ ይልመድ።

ፍሙ ደግሞ ቀይ ሆኖ እጣን አይጨመርበትም። በላዩ ስስ አመድ እስኪለብስ ጠብቂ። ቀይ ፍም ላይ ያረፈ እጣን በአንዴ ይነድና የተቃጠለ ላስቲክ ነው የሚሸተው። አመድ የለበሰው ላይ ሲያርፍ ግን መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ ከዚያ እንደ ማር ያረፋል፣ ከዚያ ነጩ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሲጠቁር በእንጨት ገፋ አድርገሽ ሌላ ጨምሪ። እናቴ «እጣን የሚቻኮል ሰው ቡናም አይችልም» ትላለች፤ እሷ ግን ጀበና እሳት ላይ ጥላ ትረሳለች፣ ይኼ በመካከላችን ይቅር።

---

ጎጆ_ወጪ · ከምሽቱ 1:50

እሺ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

እማማ እንዳሉት ስኳርና ቡና ይዤ ሄድኩ። እናቴ በሩን ከፈተችና «ያንን ዕቃ አመጣሽው?» አለችኝ። አምጥቼዋለሁ፣ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ይዘነው ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። እናቴ ለቤተ ክርስቲያን ይሁን ብላ ወስናለች፤ እኔም ካኮረፈችኝ ይሻላል ብዬ ነው።

አባ ተቀበሉት፣ በእጃቸው መዘኑት፣ ክዳኑን ከፈቱት፣ መነጽራቸውን አድርገው ሥሩን አዩት። ከዚያ ሳቁ። ሥሩ በእርሳስ የተበየደ ነው። ሰንሰለቱም እንደ አንገት ሐብል የቀጠነ ነው፤ አንዴ ሳብ ሲያደርጉት አንዱ ቀለበት ተፈታ። «ልጄ፣ ይኼ ለግድግዳ ነው የተሠራው። እሳት ቢገባበት ብየዳው ይለቅና ፍሙ እግርሽ ላይ ይወድቃል» አሉኝ። እናቴን ደግሞ «አንቺም ስታመጪው ለመቅደስ ነው እንዴ?» አሏት። እናቴ ዝም አለች። እስከ ታክሲ ድረስ ዝም አለች።

ስለዚህ ለቡናም ለቅዳሴም አልሆነም። ባሌ «ዕቃ ነው» ያለው ዕቃም አልሆነ። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል፤ እናቴ ስትገባ ታየውና ፊቷን ታዞራለች።

ዛሬ ከቀጨኔ ጥቁሩን ሸክላ ገዛሁ። አንኳኩቼዋለሁ፣ ጨርቅም አላጠቆረም። እሁድ ትመጣለች። አመዱ ግን ስንት ይሁን?

---

የቀጨኔ_ልጅ · ከምሽቱ 2:03

ሁለት ጣት። ወንፊት ላይ አበጥሪው፣ ጠጠር እንዳይኖረው።

እማማ_ድርብ · ከምሽቱ 2:15

የእንጨት አመድ ይሁን፤ የከሰሉ ይበተናል። ከሌለሽ ነይና ከእኔ ውሰጂ፣ ግንፍሌ ነው ቤቴ። (የልጅ ልጇ ነኝ፦ አያቴ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ ገና አልገባትም፣ አድራሻ እንዳትጠይቋት።)